«ሱፕሊኬሽን» የተባለው የስኮትላንድ ቃል፦ ልመና ነው ወይስ አቤቱታ?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ሱፕሊኬሽን» ይባላል፤ ድርጊቱን የሚፈጽመው ሰው ደግሞ «ሱፕሊካንት» ነው። በእንግሊዝኛም የሚገኝ ቢሆንም በስኮትላንድ ቋንቋና ሕግ ውስጥ የራሱ የሆነ ረዥም ታሪክ አለው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ቃሉን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጸሎትንና «ሱፕሊኬሽን»ን አጣምሮ ሲጠራ የአማርኛው ትርጉም ሁለተኛውን «ምልጃ» ይለዋል። ስለዚህ የስኮትላንድን ታሪክ ስናነብና በ1637 የተነሣው ታላቅ የሕዝብ ንቅናቄ አባሎች «ሱፕሊካንቶች» ተብለው መጠራታቸውን ስናገኝ፥ ሐሳባችን ተንበርክኮ ወደሚያለቅስ ሕዝብ ይሄዳል። ይህ ሥዕል እውነቱን በግማሽ ብቻ የሚያሳይ መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄው የትርጉም ጥያቄ ብቻ አይደለም። በአማርኛችን ለማኝ ሌላ፥ አቤት ባይ ሌላ ነው። ለማኝ የሚያገኘው በሰጪው በጎ ፈቃድ ነው፤ ቢከለከልም ተበደልሁ ሊል አይችልም። አቤት ባይ ግን አስቀድሞ የተበደለ ሰው ነው፤ ዳኛው ሊሰማው ይገባል፤ ሳይሰማው ቢቀር ጥፋቱ ወደ ዳኛው ይዞራል። እንግዲህ የስኮትላንዱ ቃል ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው ነው? በእኔ አስተያየት ቃሉ መልኩ የልመና፥ ሥራው ግን የአቤቱታ ነበረ። መልኩና ሥራው ተስማምተው እስከ ኖሩ ድረስ ቃሉ ኖረ፤ ንጉሡ ሁለቱን በለያያቸው ጊዜ ግን ሕዝቡ ቃሉን ትቶ ሌላ ቃል ያዘ። ይህን በቅደም ተከተል እንመልከት።

፩

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ሱፕሌክስ» ማለት የሚማጸን፥ የሚለማመጥ ሰው ማለት ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ስለ አመጣጡ በአንድ ሐሳብ አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ጕልበትን ከማጠፍ፥ ሌሎቹ ደግሞ የተቈጣን ከማብረድ የመጣ ነው ይላሉ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን በቃሉ ውስጥ አንድ ታናሽ በአንድ ታላቅ ፊት ይታያል።

ነገር ግን በጥንቷ ሮም «ሱፕሊካሲዮ» የአንድ ሰው ልመና ብቻ አልነበረም። የሕዝብ ሁሉ የምሕላ ወይም የምስጋና ቀን ነበረ፤ ቀኑንም የሚወስነው የሮም የሽማግሌዎች ምክር ቤት ነው። ዩልዮስ ቄሣር በጋሊያ ድል ባደረገ ጊዜ ምክር ቤቱ በ57 ዓመተ ዓለም የዐሥራ አምስት ቀን፥ በ55 ደግሞ የሃያ ቀን «ሱፕሊካሲዮ» ዐውጇል። እንግዲህ ቃሉ ገና ከጥንቱ ሁለት ነገር ይዟል ማለት ነው፤ አንደኛው መንበርከክ ነው፥ ሁለተኛው በሕግ ተወስኖ ሕዝብ በአንድነት የሚያደርገው ሥነ ሥርዓት ነው። ይህ ሁለተኛው ወገን እየተረሳ የቀረ ይመስላል፤ ወደ ፊት እንደምናየው ግን በሌላ አገርና በሌላ ምክንያት ተመልሶ ይመጣል።

፪

በመካከለኛው ዘመን ቃሉ ወደ ስኮትላንድ ሰዎች የደረሰው በቤተ ክርስቲያን መንገድ ነው። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከስኮትላንድ ወደ ሮም የተላኩ እጅግ ብዙ «ሱፕሊኬሽኖች» በጳጳሱ መዝገብ ተጽፈው ይገኛሉ። የስኮትላንድ የታሪክ ማኅበር ከ1418 እስከ 1422 ያሉትን በአጭሩ አዘጋጅቶ በ1934 አሳትሟል፤ የቀጣዮቹም ዓመታት ተከታትለው ታትመዋል። የሚጠየቀው ነገር የተለያየ ነው። አንዱ ካህን የደብር ሹመት ይሻል፤ አንዱ ባልና ሚስት ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ጋብቻቸው እንዲፈቀድላቸው ይለምናሉ። ጳጳሱ የፈቀደውን «እንደ ተለመነው ይሁን» በሚል በታወቀ የላቲን አነጋገር ይፈርማል።

ይህ በእርግጥ የጸጋ ልመና ነው። ሆኖም በዚያም ቢሆን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ደንብ ነበረ። በቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት ለማኙ ውሸት ተናግሮ ወይም እውነቱን ደብቆ ያገኘው ጸጋ ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሱፕሊኬሽን» እንባ ብቻ አይበቃውም፤ የተፈጸመውን ነገር በእውነት መተረክ አለበት። ለማኝን ስለ እውነተኛነቱ የሚመረምረው የለም፤ ባለጉዳይን ግን ይመረምሩታል። የጽሑፉ ቅርጽ ለማኙን ቀስ በቀስ ባለጉዳይ እያደረገው ሄደ።

፫

ከ1560ው የሃይማኖት ለውጥ በኋላ የሮም መንገድ ተዘጋ፤ ቃሉ ግን በአገሩ ችሎቶችና ሸንጎዎች ቀረ። የተበደለ ሁሉ «ሱፕሊኬሽን» ጽፎ ለፓርላማ፥ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፥ ወይም የንጉሡን ሥልጣን ይዞ አገሩን ለሚያስተዳድረው የምክር ሸንጎ ያቀርብ ነበር። በተለይ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ በ1603 የእንግሊዝንም ዘውድ ወርሶ ወደ ሎንዶን ከሄደ ወዲህ ንጉሡ ከስኮትላንድ ርቆ ኖረ። በአካል ደጅ መጥናት የማይቻል በመሆኑ ወረቀቱ በሰውየው ፈንታ ደጅ ይጠና ጀመር።

የወረቀቱ አሠራር በአጭሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተቀባዮቹ ክብር ይጠራል፤ ቀጥሎ አመልካቹ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያስተዋውቃል፤ ሦስተኛ የተፈጸመው በደል ይተረካል፤ አራተኛ ሕጋዊው ምክንያት ይዘረዘራል፤ በመጨረሻ የሚፈለገው ትእዛዝ ይጠየቃል። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል ሲነበብ ልመና ይመስላል፤ ሦስተኛው፥ አራተኛውና አምስተኛው ሲነበብ ግን ክስና የፍርድ ጥያቄ ነው። አንባቢ የፊተኛውን ብቻ አንብቦ ቢፈርድ የጸሐፊውን ትሕትና ያደንቃል፤ የኋለኛውን ብቻ ቢያነብ ድፍረቱን ያደንቃል። ጽሑፉ ሁለቱንም የያዘው በአንድ ምክንያት ነው፤ ትሕትናው ድፍረቱን ይጠብቀው ነበር።

፬

ይህ ጥበቃ ምን ያህል ደካማ እንደ ነበረ የሎርድ ባልመሪኖ ጉዳይ ያሳያል። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1633 ዘውድ ለመጫን ወደ ኤዲንብራ መጣ፤ በዚያውም ፓርላማ ተቀመጠ። በፓርላማው የንጉሡን ሐሳብ የተቃወሙ መኳንንት ዊልያም ሄግ የተባለ የሕግ ሰው ያዘጋጀውን «ሱፕሊኬሽን» ሊያቀርቡ አሰቡ። ንጉሡ ግን አልቀበልም ስላለ ወረቀቱ ሳይቀርብ ቀረ። ባልመሪኖ አንድ ቅጂ በቤቱ አስቀምጦ ነበርና ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በጳጳሳቱ በኩል ለንጉሡ ደረሰ። ሄግ ወደ ሆላንድ ሸሸ፤ ባልመሪኖ ግን ተይዞ ተከሰሰ። ክሱ የቆመው በንጉሥና በሕዝብ መካከል ሐሰት በመንዛት ጠብ የሚያነሣን በሞት በሚቀጣው በአሮጌው ሕግ ላይ ነው። በመጋቢት 1635 ከዐሥራ አምስቱ ፈራጆች ስምንቱ ጥፋተኛ ነው፥ ሰባቱ አይደለም አሉ፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ጥፋቱም የወረቀቱን ጸሐፊ እያወቀ አለማጋለጡ ነው ተባለ። በኋላ ንጉሡ ምሕረት አደረገለት።

ይህን ጉዳይ ልብ ብለን ብንመለከተው የቃሉ ጠባይ ይገለጥልናል። በውነት «ሱፕሊኬሽን» ልመና ብቻ ከሆነ፥ ያልቀረበ ልመና በቤቱ ያስቀመጠ ሰው ስለምን በሞት ይፈረድበታል? ለማኝን መከልከል ይቻላል እንጂ መስቀል አያስፈልግም። መንግሥቱ ራሱ ወረቀቱን እንደ ክስ ቈጥሮታል፤ በሕዝቡ ፊት ንጉሡን የሚወቅስ ክስ አድርጎ አይቶታል። እንግዲህ የቃሉን እውነተኛ ኃይል ከሁሉ አስቀድመው የመሰከሩት አመልካቾቹ ሳይሆኑ ከሳሾቻቸው ናቸው።

፭

አሁን ወደ 1637 እንድረስ። ንጉሥ ቻርልስና የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሎድ የደገፉት አዲስ የጸሎት መጽሐፍ በሐምሌ 23 ቀን በኤዲንብራ በቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን በተነበበ ጊዜ ታላቅ ሁከት ተነሣ። ጄኒ ጌዲስ የምትባል ሴት የተቀመጠችበትን በርጩማ በአንባቢው ላይ ወረወረች የሚለው አፈ ታሪክ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ በየካቲት 28 ቀን 1638 ብሔራዊ ቃል ኪዳን ተፈረመ። ታሪኩ በአጭሩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከበርጩማው ወደ ፊርማው ይዘላል። በመካከሉ ያሉት ሰባት ወር እንደ ባዶ ይቈጠራሉ። የእኔ ትችት በተለይ በዚህ ዝላይ ላይ ነው፤ ሰባቱ ወር የ«ሱፕሊኬሽን» ወራት ናቸውና።

በነሐሴ 23 ቀን 1637 የሉከርስ ደብር አገልጋይ አሌክሳንደር ሄንደርሰን ከባልንጀሮቹ ጋራ ለምክር ሸንጎው «ሱፕሊኬሽን» አቀረበ። እያንዳንዱ የደብር አገልጋይ ከመጽሐፉ ሁለት ሁለት ቅጂ እንዲገዛ «የቀንደ መለከት ደብዳቤ» በሚባለው ትእዛዝ ተጠርቶ ነበር። ይህ ስም የመጣው ትእዛዙን ያልፈጸመ ሰው በአደባባይ መለከት ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ዐመፀኛ ነው ተብሎ ስለሚታወጅበት ነው። ሄንደርሰን የጠየቀው ትእዛዙ እንዲታገድለት ነው፤ እገዳም በስኮትላንድ ሕግ የታወቀ የፍርድ መፍትሔ ነው።

የሰጣቸውን ምክንያቶች እንመልከት። መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤም ሆነ በፓርላማ አልጸደቀም፤ ነባሩ የአምልኮ ሥርዓት ግን በሁለቱም ጸድቋል፤ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ነጻ ናትና የሚጠቅማትን የሚያውቁ የራስዋ አገልጋዮች ናቸው፤ ጥቂት ሥርዓቶች እንኳ ከዚህ ቀደም ብዙ ክርክር አምጥተዋል፥ ይህ መጽሐፍ ደግሞ ወደ ሮም እጅግ ያቀርባል፤ በመጨረሻም ሕዝቡ በሌላ ትምህርት ያደገ ስለ ሆነ አይቀበለውም። ከነዚህ ከአምስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ የሕግ ነጥቦች ናቸው። «እዘኑልኝ» የሚል ምክንያት አንድም የለባቸውም። ሸንጎው ከሁለት ቀን በኋላ የሰጠው መልስም የሕግ መልስ ነው፤ ትእዛዙ መጽሐፉን ስለ መግዛት እንጂ ስለ መጠቀም አይደለም አለ። አንድ ሰው ተንበርክኮ ቢጠይቅም መልሱን ያገኘው እንደ ተከራካሪ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። በመስከረም ወር ከስልሳ በላይ «ሱፕሊኬሽኖች» ከየአገሩ መጡ። በጥቅምት 17 ቀን አመልካቾቹ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከኤዲንብራ ከተማ እንዲወጡ ታወጀ፤ እነርሱ ግን በማግስቱ በአንድነት የተዘጋጀ ወረቀት ይዘው ቀረቡ፤ በዚህም መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ጳጳሳቱን ራሳቸውን ከሰሱ። በኅዳር ወር ብዙው ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ተወካዮች ቀሩ፤ እነርሱም መኳንንት፥ ባላባቶች፥ የከተማ ነጋዴዎችና የደብር አገልጋዮች እየተባሉ በአራት ጠረጴዛ ተደራጁ። በታኅሣሥ 21 ቀን ሎርድ ላውደን በዳልኪዝ በተቀመጠው ሸንጎ ፊት ቆሞ፥ ጳጳሳቱ በዚህ ነገር ተከሳሾች ስለ ሆኑ ፈራጆች ሆነው ሊቀመጡ አይገባም ሲል ተቃውሞ አቀረበ።

እዚህ ላይ የሮሙ ትርጕም ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ቃሉ ከአንድ ካህን የሹመት ልመና ተነሥቶ፥ የሕዝብ ወገኖች ተራ ይዘው በአንድነት የሚፈጽሙት ሥራ ሆነ። ልዩነቱ በሮም ቀኑን የሚወስነው ምክር ቤቱ ሲሆን፥ በኤዲንብራ ግን አመልካቾቹ ራሳቸውን ያለ ዐዋጅ ሰብስበዋል።

፮

የዚህ ሁሉ አቤቱታ መሠረት አንድ ሐሳብ ነበረ፤ ንጉሡ ደግ ነው፥ ያሳሳቱት ጳጳሳቱ ናቸው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ እስካለ ድረስ ታማኝነትና ክስ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በየካቲት 19 ቀን 1638 በስተርሊንግ የተነበበው የንጉሡ ዐዋጅ ይህን መሠረት ናደው። ንጉሡ ጳጳሳቱ በከንቱ ተወቅሰዋል፥ መጽሐፉን ያዘዝሁት እኔ ነኝ አለ፤ ያለፈውን ይቅር እላለሁ፥ ከእንግዲህ ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ የክዳት ወንጀል ነው ሲል ወሰነ።

ይህ ዐዋጅ አቤቱታውን ከመከልከል የበለጠ ነገር አድርጓል። ዳኛው ራሱ «የተከሰሰው ሥራ የእኔ ነው» ካለ አቤት የሚባልበት ሦስተኛ ወገን አይቀርም። አመልካቹ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይም ዝም ይላል፥ ወይም በሌላ ቃል ይናገራል። በዚያው ቀን በዚያው ስፍራ የተነበበው መልስ «ሱፕሊኬሽን» አልተባለም፤ «ፕሮቴስቴሽን»፥ ማለት የተቃውሞ ቃል ተባለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላም ሄንደርሰንና የሕግ ሰው የሆነው የዋሪስተኑ አርቺባልድ ጆንስተን ያዘጋጁት ቃል ኪዳን በግሬይፍራየርስ ቤተ ክርስቲያን ይፈረም ጀመር። ሕዝቡም ስሙን ለወጠ፤ «ሱፕሊካንቶች» የነበሩት «ባለ ቃል ኪዳኖች» ተባሉ። ልመና ሲጻፍ ተቀባዩ በላይ ነው፤ ቃል ኪዳን ግን ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው እርስ በርሳቸውና ከእግዚአብሔር ጋራ የሚያደርጉት ነው። የለወጡት ቃል ብቻ አይደለም፥ የቆሙበትን ስፍራም ነው። ሆኖም በቃል ኪዳኑ ውስጥ ረዥም የፓርላማ ሕጎች ዝርዝር መግባቱ የሄንደርሰን የነሐሴው ክርክር እንዳልተረሳ ይመሰክራል።

፯

በዚህ አስተያየት ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ ትሕትናው ሁሉ ጭንብል ነበረ፥ መኳንንቱ የፈለጉት ርስታቸውን ማዳን ነው የሚል ነው። ቻርልስ በ1625 ከዘውድና ከቤተ ክርስቲያን የወጡ መሬቶችን ለመመለስ ያወጣው ዐዋጅ ብዙ መኳንንትን ያስፈራ ስለ ነበረ ይህ ቃል ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የአቤት ባዩ ሐሳብ የተደባለቀ መሆኑ አቤቱታውን ሐሰት አያደርገውም፤ ዳኛ የሚመረምረው የባለጉዳዩን ልብ ሳይሆን ጉዳዩን ነው። ሁለተኛው፥ አገሩ ሁሉ አንድ አልነበረም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ በ1638 የአበርዲን የሃይማኖት ሊቃውንት ቃል ኪዳኑን በጽሑፍ ተቃውመዋል። ስለዚህ «ሱፕሊካንት» የሚለውን ስም ለስኮትላንድ ሕዝብ በሙሉ መስጠት አይገባም።

እነዚህን ሁለቱን ከተቀበልን በኋላም ዋናው ነገር ሳይነካ ይቀራል። በሚያዝያ 1689 የስኮትላንድ የመኳንንትና የሕዝብ ጉባኤ ባወጣው የመብት መግለጫ ለንጉሡ አቤት ማለት የተገዦች መብት መሆኑን፥ በዚህም ምክንያት ማሰርና መክሰስ ከሕግ ውጭ መሆኑን ወሰነ። በባልመሪኖ ላይ ከተፈረደው ፍርድ እስከዚህ ቀን ኀምሳ አራት ዓመት ነው። መግለጫው የተጠቀመበት ቃል ግን «ሱፕሊኬሽን» አይደለም፤ «ፔቲሽን» ነው፥ ጕልበት ማጠፍ የሌለበት ከ«መጠየቅ» የወጣ ቃል ነው። በ1999 የተቋቋመው የዛሬው የስኮትላንድ ፓርላማም ከማንኛውም ሰው የሚቀበለውን አቤቱታ በዚሁ ቃል ይጠራዋል። አሮጌው ቃል በጸሎት መጻሕፍት ቀርቷል፤ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲም ተማሪ ዲግሪውን ለመቀበል ሲጠይቅ ግሡን እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ በኦክስፎርድ ለዲግሪው የሚማጸን ተማሪ ፈተናውን አስቀድሞ ያለፈ ነውና፥ የሚለምነው የሚገባውን ነው።

ስለ ስኮትላንድ ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ ምን ይበል? በጸሎት መጽሐፍ «ምልጃ» ማለቱ ትክክል ነው። ለሮም የተላኩትን «ልመና» ቢላቸው አይነቀፍም። በ1633 እና በ1637 የተጻፉትን ግን «ልመና» ብሎ መተርጐም፥ ባልመሪኖ ስለምን በሞት እንደ ተፈረደበትና ሄንደርሰን ስለምን የሕግ አንቀጽ እንደ ቈጠረ አንባቢው እንዳይገባው ያደርጋል፤ እነዚህ «አቤቱታ» መባል አለባቸው። «አቤት» የሚለው ቃላችን ሁለት አፍ አለው፤ ለጠራ ጌታ የሚሰጥ መልስ ነው፥ በተበደለም ሰው አፍ ዳኛን የሚጠራ ጩኸት ነው። የስኮትላንዱም ቃል እንዲሁ ሁለቱን ይዞ ኖሯል። ጩኸቱን ክዳት ብሎ የሚከለክል መንግሥት የሚያተርፈው ዝምታን አይደለም፤ በስተርሊንግ እንደ ታየው፥ ሕዝቡ ያለ እርሱ የሚነጋገርበትን ሌላ ቃል ነው።